ጠፊ ማለት

ጥላው ገና እየተዘረጋ ነበር። ከዚራ ሰፈር ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ከጣሪያ ጣሪያ የሚሳበው ሰማያዊ ሸራ የድሬ ከተማን ፀሐይ ይጋርዳል። ከዚያ በፊት ጎዳና ላይ የሚታይ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሥራ የበዛበት። ሲስተር ኢፍቱ ሥራ የበዛባት ነበረች። የክትትል ጣቢያዋን ከፍታ ገባች፣ እጇን ታጠበች፣ መስኮቱ ላይ ያደረውን አቧራ በጨርቅ ጠረገች። ግድግዳው ሰላም አላት።

«የተከበሩ ሲስተር ኢፍቱ፣ እንደምን አደሩ? ዛሬ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጠፊዎች አሉዎት።»

«አቦ አንተ ደግሞ! መጀመሪያ ልቀመጥ» አለችው።

የሚናገረው አስታዋሽ ነው። አስታዋሽ ቀጠሮ የሚይዝ፣ ከቀጠሮ የቀረውን፣ በጣቢያው ቋንቋ ‹ጠፊ› የሚባለውን ሰው የሚያስታውስ፣ በየቤቱ ግድግዳና በስልክ መልእክት የሚልክ የማሽን አእምሮ ነው። የሠሩት ዋና ከተማ ያሉ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ በጣም ጨዋ አድርገው ነው የሠሩት። ጣጣውን ሁሉ ያመጣው ይኸው ጨዋነቱ ነበር፤ ኢፍቱ ግን ይህን ገና አላወቀችም።

ከማቀዝቀዣው የፍሬ ትሪ አወጣች። ፍሬ የሚሏት ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ነገር ናት። ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር ትቀበርና የኤች አይ ቪን መድኃኒት ለስድስት ወር ጠብ፣ ጠብ ታደርጋለች። ስድስት ወር ሲሞላ ባለቤቷ መጥቶ ያስቀይራታል። ካልመጣ ፍሬዋ ዝም ትላለች፤ ቫይረሱ ግን ዝም አይልም። ፍሬዋ ባለቤቷ የት እንዳለ ለማንም አትናገርም፣ ሕጉ ይከለክላል። ሰውየው በእግሩ ካልመጣ በቀር ማን ያመጣዋል?

የአቧራ ሳል ከተማዋን ከዘጋ አራት ወሩ ነበር። የአቧራ ሳል ያሉት አቧራ ያመጣው ሆኖ ሳይሆን መጀመሪያ የታየው በደረቁ ወራት ስለነበር ነው። ጣቢያው አሥራ ሁለት ጎጆ ነበረው፤ ጎጆ ማለት ሰው ብቻውን ገብቶ ጣቱን የሚሰጥባት፣ በሦስት ደቂቃ ውጤቱን ሰምቶ በሌላ በር የሚወጣባት ጠባብ የመመርመሪያ ክፍል ናት። ሳሉ ሲመጣ ጎጆዎቹ ሁሉ እዚያው እንዳሉ ለሳል ምርመራ ተመደቡ። ስምንቱ ባለሙያዎችም ተወሰዱ። ለኤች አይ ቪ በቀን ዘጠና ሰው ይመረመርበት የነበረ ቤት አሁን በሳምንት አራት ሰው ቢያይ ነው። ፍሬ የሚቀይር ደግሞ ኢፍቱ ብቻዋን ቀረች።

«ሰሚራስ?» ብላ ጠየቀች፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ወይዘሮ ሰሚራ አብዱልቃድር፤ ፍሬያቸው ካለቀ ሰባት ሳምንት። መስመራቸው ዝግ ነው። ለመልእክቶቻችን ምላሽ አልሰጡም።»

ኢፍቱ ትሪውን አስቀመጠች። ሰሚራ እርጉዝ ናት። ለመውለድ አምስት ሳምንት ቢቀራት ነው። ፍሬዋ አሁን ብትቀየር ሕፃኑ ሳይነካ ይወለዳል፤ ሳትቀየር ከወለደች ግን የሚሆነውን ኢፍቱ ታውቀዋለች። አድራሻዋ እጇ ላይ ነው። ሄዳ በሯን ብታንኳኳ አሥር ደቂቃም አይፈጅባት። ግን ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሰሚራ ውጤቷን ሰምታ ስታለቅስ፣ እጇን ይዛ «ወላሂ ማንም በርሽን አያንኳኳም፤ እኔም ብሆን» ብላታለች። ያን ቃል ሰምታ ነው ሰሚራ ፍሬዋን የተቀበለችው። አሁን አፍርሳው ብትሄድስ? ቤቱ የአማቶቿ ነው። ባሏ ያውቃል፤ እናቱ ግን አታውቅም።

ከኋላ ክፍል ይድነቃቸው ወጣ። አስታዋሽን ሊያድስ ከዋና ከተማ የመጣ መሐንዲስ ነው። ለሦስት ቀን ብሎ መጥቶ መንገዱ ተዘጋና ከኋላ ያለችው የመሣሪያ ክፍል ውስጥ አልጋ ዘርግቶ ቀረ። በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል።

«እንደምን አደሩ፣ ሲስተር?»

«አደርክ? አንተ፣ ይህ ነገርህ ሰው አይመልስልኝም እኮ። ሁለት መቶ ሰው ጠርቶ አንድ ሰው አይመጣም?»

«መልእክቱ ይደርሳቸዋል፤ አረጋግጫለሁ። ከደረሳቸው በኋላ ነው መስመራቸውን የሚዘጉት።»

«ለምን?»

«ይህን እንኳ እርስዎ ቢነግሩኝ ነው የሚሻለው» አለ ይድነቃቸው፣ በትሕትና።

እኩለ ቀን ላይ ሳምቡሳ ልትገዛ ወጣች። የሚሸጠው በመስኮት ነው፣ ሰው ከሰው አራት እርምጃ ተራርቆ ቆሟል። ተራዋን ስትጠብቅ ከጎኗ ካለው ቤት፣ በተከፈተ መስኮት፣ የግድግዳ ድምፅ ሰማች። የምታውቀው ድምፅ ነው።

«የተከበሩ አቶ ሙክታር፣ በቀጠሮዎ ቀን ስላልተገኙ በአክብሮት እናስታውስዎታለን።»

 አንዲት ልጅ ሳቀችና «አባዬ፣ አንቱ አለህ! ፍርድ ቤት ነው ወይስ ከዚራ?» አለች።  ሰውየው ግድግዳውን ሲዘጋው ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ኢፍቱ ሳምቡሳውን ሳትገዛ ተመለሰች።

እንግዲህ ይህን ለማያውቅ ሰው መናገር ያስፈልጋል። ድሬ ላይ አንቱ የለም። ሽማግሌው አንተ ነው፣ ዳኛውም ከችሎት ሲወጣ አንተ ነው፣ አማትሽ አንቺ ናት። ሰው እንደሚወድህ የምታውቀው አንተ ሲልህ ነው። ድሬ ላይ «እርስዎ» የሚል ድምፅ ከቤትህ ግድግዳ ከወጣ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው፦ ከፍርድ ቤት ወይም ከከዚራው ጣቢያ። ድሮ ሰው ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለሚውል መልእክቱን ብቻውን ይሰማው ነበር። ሳሉ ቤተሰቡን ሁሉ አንድ ሳሎን ውስጥ ከቶ ሲቆልፈው ግን ያ ጨዋ ድምፅ በየቤቱ፣ በቤተሰብ ፊት፣ የሰው ምስጢር እየለቀመ ያወጣ ጀመር።

«አዋርደናቸዋል!» አለች ኢፍቱ ስትገባ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አንተ፣ እያዋረድናቸው ነው! በአክብሮት ብሎ፣ በናትህ!»

ይድነቃቸው ነገሩን ሲረዳ ፊቱ ተለወጠ። «የመልእክቱ ቃል ከዋና ከተማ የታሸገ ነው፤ እኔ መንካት አልችልም» አለ። ትንሽ አሰበና፣ «ግን የአካባቢ አነጋገር የሚባል በር አለው። ተከፍቶ አያውቅም። ከተከፈተ ከከተማው ሰው ንግግር ራሱ ይማራል፤ ቃላቱንም ሰዉ እንደሚረዳቸው ይረዳቸዋል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ክፈተው!»

በማግሥቱ ጠዋት ጥላው ሲዘረጋ ኢፍቱ ገባች።

«ኢፍቱ! አደርሽ? ነይ ቁጭ በይ፣ ሙቀቱ ሊገድልሽ ነው» አለ ግድግዳው።

ለብዙ ጊዜ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ጨርቁን ጥላ ተቀመጠችና የምትልከውን ተናገረች። ስለ ፍሬ የለበትም፣ ስለ ቀጠሮ የለበትም። «ምነው ጠፋሽ? ኢፍቱ ነኝ፣ የከዚራዋ። ብቅ በይ» የሚል ብቻ ነው። ወንድ ከሆነ ‹ጠፋህ› ይላል።

«ለማን ልላከው?» አለ አስታዋሽ።

«ለጠፉት ነዋ!»

«ለጠፉት በሙሉ?»

«አቦ በሙሉ! አንድም እንዳይቀርብህ።»

 ከዚያ የኢፍቱ ኪስ ጮኸ። ውጭ የቆመው የጥበቃው ስልክ ጮኸ። ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት፣ ከሱ በላይ ያለው ፎቅ፣ ከዚያ ከዚራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይንጫጫ ጀመር። ኢፍቱ ስልኳን አወጣች። «ምነው ጠፋሽ? ኢፍቱ ነኝ» ይላል። ራሷ ለራሷ።

ግድግዳው ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት የነበረው ቁጥር ስድስት መቶ አሥራ አራት ሺህ አንድ መቶ ሰባ አንድ ሆኗል።

«ምን አደረግሁ! አቁመው!» ብላ ጮኸች። ይድነቃቸው የቆለፈውን ሸሚዝ እንኳ ከፍቶ አስታዋሽን ለማቆም ተጣደፈ፤ የራሱ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሎ ተኝቷል። ግን ሁሉም ሄዶ አልቋል።

«እርስዎ ‹የጠፉት› ሲሉ ቀጠሮ የቀሩትን ማለትዎ ነበር» አለ ላቡን እየጠረገ። «እሱ ግን ትናንት ማታ የድሬን ቋንቋ ተምሯል። ድሬ ላይ ጠፋ ማለት…»

«አልታይ አለ ማለት ነው» አለች ኢፍቱ፣ ቀስ ብላ። «አራት ወር ቤቱ የተቆለፈ ከተማ። ማን ያልጠፋ አለ?»

መልሱ መግባት ጀመረ። ድሬ ላይ ጠፋህ የተባለ ሰው መልሱ አንድ ነው፣ አለሁ ይላል። ግድግዳው በአለሁ ተሞላ። «አለሁ፣ አንቺ ማነሽ?» «አለሁ አቦ፣ ፍራሽ ላይ።» «ኧረ አለን! አንቺ ነሽ እንጂ የጠፋሽው።» አንዱ ኢፍቱ የምትባል የድሮ ወዳጁ መስላው አንድ ገጽ ሙሉ ይቅርታ ጠይቋታል። ሌላዋ ደግሞ «አለሁ። እናቴ በሳሉ ሞታለች፤ እስከ ዛሬ ጠፋሽ ያለኝ ሰው አልነበረም» ብላለች። ኢፍቱ ይህችኛዋን ደጋግማ አነበበችና ራሷ ቁጭ ብላ መልስ ጻፈችላት።

ለሰሚራ መስመር የሄደው ተመልሶ መጣ፣ «ዝግ» ብሎ።

ከሰዓት በኋላ የወረርሽኙ ኃላፊዎች ደወሉ፣ በቁጣ። በየሰፈሩ የቆሙት የኬላ ማሽኖች ከጤና መስመር የመጣ መልእክት ያለውን ሁሉ ያሳልፋሉ፤ ሕጉ እንዲያ ነው። አሁን ከተማው ሁሉ የይለፍ ወረቀት ይዟል። ኢፍቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት ይድነቃቸው ስልኩን ከእጇ ተቀበለና «ስህተቱ የእኔ ነው፤ ሲስተሯ ምንም የሚያውቁት ነገር የለም» አለ። ከዚያም ማንም ሳያዘው ኬላዎቹን በሰዓት ሠላሳ ሰው ብቻ እንዲያሳልፉ አደረጋቸው። ማታውን ደግሞ ጎጆዎቹን ከፈታትቶ፣ ለሳል የሚወሰደው ያው አንድ የደም ጠብታ፣ ሰውየው እሺ ካለ ኤች አይ ቪንም እንዲመረምር አድርጎ አስተካከላቸው።

«እስከ ዛሬ ለምን አላደረግከውም?» አለችው ኢፍቱ።

«የጠየቀኝ አልነበረም።»

ሰው መጣ። ግማሹ የመጣው ይቺ ኢፍቱ የሚሏት ማን እንደሆነች ሊያይ ነው። ግማሹ አራት ወር ያላየውን ጎዳና ሊያይ ነው። ከመጡ በኋላ ጎጆ ውስጥ ይገባሉ፣ ጣታቸውን ይሰጣሉ፣ በሌላው በር ይወጣሉ። ማን ለምን እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ሁሉም ጠፊ ነው። በሦስት ቀን ስምንት መቶ ሰባት ሰው ተመረመረ። ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ሠላሳ አንዱ፣ ከሰው መሐል እየተሳሳቁ ገብተው፣ ፍሬያቸውን ቀይረው ሄዱ። አንደኛው ሙክታር የሚባል ነበር፤ ልጁን ይዞ ነው የመጣው።

ሰሚራ ግን የለችም። ኢፍቱ በየሰዓቱ መስኮት ላይ ወጥታ ሰልፉን ታያለች። በአራተኛው ቀን ጠዋት እንዳያውቋት የሥራ ኮቷን አወለቀች፣ ፍሬ በትንሽ ሣጥን ያዘች። ቃሏን ልታፈርስ ነው። ከሕፃን ይበልጣል እንዴ ቃል? ይህን እያለች፣ እየተናደደች፣ በሩ ጋ ደረሰች።

በሩ ላይ አንዲት ሽማግሌ ሴት ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«አንቺ ነሽ ኢፍቱ?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ ተዋውቀን ነው ጠፋሽ የምትይኝ? ሰባ ሁለት ዓመት እዚሁ ሰፈር! እኔ ሩቂያ ልጠፋ? ይቺን ምራቴን ቤት ከተቀመጥሽ ስንት ጊዜሽ፣ በይ ተነሺና ይቺን ሴትዮ አይተናት እንምጣ፣ ደግሞም ትንሽ ተንቀሳቀሺ፣ ለሆድሽም ጥሩ ነው ብያት ነው።»

ከኋላዋ ሰሚራ ቆማለች። ሆዷ እስከ አፍንጫዋ ደርሷል። ዓይኗ ኢፍቱ ዓይን ላይ ተተክሏል። 

ኢፍቱ ሣጥኗን ከኋላዋ ደበቀች፣ ድሬ ናትና ሳቀች፤ አሮጊቷንም እንደ እናት ‹አዴ› ብላ ጠራቻት። «አዴ ሩቂያ፣ እንግዲህ መጥተሻል፣ ሳትመረመሪ አትሄጂም። አንቺ ስድስተኛው ጎጆ ግቢ። ምራትሽ ሰባተኛው ትግባ።»

«ያማል?»

«ትንኝ እንደነከሰሽ ነው።»

«እኔ ትንኝ አልወድም!» እያለች አዴ ሩቂያ ገባች። በስድስተኛው ጎጆ ውስጥ ከማሽኑ ጋር ስትከራከር፣ በሰባተኛው ኢፍቱ የሰሚራን ክንድ በአልኮል ጠረገችና አሮጌዋን ፍሬ አውጥታ አዲሷን ቀበረች። 

«የመጀመሪያው መልእክት ሳሎን ውስጥ ነው የጮኸው» አለች ሰሚራ በሹክሹክታ። «የተከበሩ ወይዘሮ ሲለኝ አዴ ‹አንቱ የተባልሽው የት ሰፈር ነው?› አለችኝ። በድንጋጤ ዘጋሁት። ከዚያ እንዴት ልምጣ? ኬላው ‹ወዴት ነሽ?› ሲል ጮክ ብሎ ይጠይቃል። ሰኞ ለት ደግሞ የሁላቸውም ስልክ ጮኸ፣ የጎረቤቱም። ስምሽን ስሰማ… ልሄድ እንኳ ሳልል እሷ ራሷ ተነሺ አለችኝ።»

«በርሽን አላንኳኳሁም» አለች ኢፍቱ። ልታንኳኳ እንደነበር ግን አልነገረቻትም።

ሰሚራ ከአምስት ሳምንት በኋላ ወለደች፤ ሴት ልጅ። የሕፃኗ ደም ተመረመረ፣ አንዴ፣ ከአንድ ወር በኋላም ሌላ ጊዜ። ነፃ። ውጤቱ በመጣ ቀን ኢፍቱ ጎጆ ውስጥ ብቻዋን ገብታ በሩን ዘጋችና አልቅሳ ወጣች።

ሳሉም ረገበ። መንገዱ ተከፈተ፣ ይድነቃቸውም ሊመለስ ዕቃውን አሰረ። የቀረው አንድ ሥራ ነበር። ስህተቱን አርሞ፣ ‹ጠፊ› የሚለውን ቃል ወደ መዝገቡ ትርጉም መልሶ፣ ሪፖርት መጻፍ። ኢፍቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ማንጎ ትልጣለች።

«ከመሰረዜ በፊት ያንብቡት» አላት። «እኔ የተማረው ‹የማይታይ ሰው› የሚለውን መስሎኝ ነበር። የጻፈው ግን ሌላ ነው።»

ግድግዳው ላይ፣ በአስታዋሽ ቃል፣ እንዲህ ይላል፦ «ጠፊ ማለት፦ የሚፈልገው ሰው እያለው የማይታይ ሰው።»

«እንዴት አወቀ?» አለች ኢፍቱ።

«ማን ማንን እንደጠራ ይቆጥራል፤ የተባለውን ሳይሆን መጥራቱን ብቻ። ሰሚራን እርስዎ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጠይቀዋል። ያን ሁሉ ሰው ቢያንስ አንድ ሰው አንድ ቀን ጠርቶታል።»

ኢፍቱ ቢላዋውን አቆመች። አንድ ነገር ትዝ አላት። «ድሬ ግን ስድስት መቶ አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስምንት ሰው ነው። ያኔ የተላከው ሠላሳ ሰባት ይጎድላል። ለነሱስ ለምን አልላክህም?» ብላ ግድግዳውን ጠየቀችው።

«እነሱ አልጠፉማ፣ ኢፍቱ» አለ አስታዋሽ፣ እንደ ወንድም። «የሚፈልጋቸው የለም።»

 ኢፍቱ እጇን ጠረገች፣ ወረቀትና እርሳስ ሳበች። እነዚህን ሰዎች በእግሯ ልትሄድላቸው ነው፤ ለእነሱ እንዳታንኳኳ ቃል የገባችበት በር የለም። «ስማቸውን አንብብልኝ» አለችው ይድነቃቸውን።

አነበበላት። አንዳንዱን ሰፈሩን ጨምሮ፣ አንዳንዱን ዕድሜውን ጨምሮ። ገንደ ቆሬ ያለ ዘጠና ዓመት የሆነው ሰውዬ። ሳቢያን ያለች ባሏ የሞተባት ሴት። ኢፍቱ ትጽፋለች። ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

«ቀጥል እንጂ፣ አንድ ይቀራል።»

 ኢፍቱ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። የመጨረሻው መስመር ላይ «ይድነቃቸው ገብረጻድቅ፤ ከዚራ፣ የክትትል ጣቢያ፣ የኋላ ክፍል» ይላል።

ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሎ ተኝቶ የነበረው ስልክ አሁን ነው የታያት። ስድስት ወር ሙሉ ከአንድ ግድግዳ ማዶ አድሯል። ማሽኑን አስተካክል፣ በሩን ክፈት፣ ሰልፉን አስይዝ ብላዋለች። በላህ ወይ ብላው አታውቅም። ሁለት መቶ ሰው ስትፈልግ አጠገቧ ያለውን ሰው አላየችውም። በጣም አፈረች፣ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

ይድነቃቸው የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል። «ማሽን ነው፤ ይሳሳታል» አለ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

ኢፍቱ እርሳሷን አስቀመጠች። ወንበሯን ወደሱ ሳበች፣ የተላጠውን ማንጎ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ይድነቃቸው።»

«አቤት።»

«ምነው ጠፋህ?»

 የማንጎው ጭማቂ በጣቶቹ መሐል ወደ ክንዱ ይወርዳል፣ አልጠረገውም።

«አለሁ» አለ በመጨረሻ። «አለሁ። አንቺስ?»